ምዝገባው ሳያልቅ ጥሎን ለሄደው ለጋሽ ልኬት

የተከበርሽ እህቴ፣ የወንድሜ ባለቤት፤ የተከበራችሁ ልጆቹ፤ ክቡር ፕሬዝዳንት፤ ክቡር ምክትል ፕሬዝዳንት፤ መምህራን፣ የቢሮ ሠራተኞች፣ ተማሪዎች፤ እናንተም ከሁሉም ኋላ አጥሩን ተደግፋችሁ የቆማችሁ ልጆች፤ ሰላም ለሁላችሁ። ቀረብ በሉ። ድምፄ ሩቅ አይሄድም፤ አንድ ነገር ደግሜ መናገርም አልወድም።

ተናገር ስባል እምቢ ብዬ ነበር። ተናድጃለሁ። የተናደደ ሰው ቀብር ላይ ባይናገር ይሻላል። እህቴ ግን፣ "አንተ ካልተናገርክ ማን ሊናገር ነው? ዕድሜ ልኩን የተጨቃጨቀው ካንተ ጋር ነው" አለችኝ። እውነቷን ነው። ስለዚህ እንደተናደድኩ እናገራለሁ።

ሰው፣ "ሙት ወቃሽ አያድርገኝ" ይላል። እኔን ያድርገኝ። ይህን ሰው በቁሙ ስወቅሰው አልሰማኝም። ቢያንስ ዛሬ አያቋርጠኝም።

ለማታውቁኝ፣ እኔ የተማሪዎች መኖሪያ ፕሮክተር ነኝ። አልጋ እሰጣለሁ፣ በር እዘጋለሁ፣ የሚረብሽ አስወጣለሁ። ተማሪዎች "ጋሽ አይሆንም" ይሉኛል። የማልሰማ ይመስላቸዋል። ጆሮዬ ደህና ነው። ትምህርት ቤት አልገባሁም፤ ማንበብ የተማርኩት ተመራቂዎች አልጋ ሥር ጥለዋቸው ከሚሄዱ መጻሕፍት ነው። ያማረ ንግግር የፈለገ ከእኔ ቀጥሎ ዲኑ አሉ።

ምን እንዳናደደኝ ከመጀመሪያው ልንገራችሁ። እስቲ ዞር በሉና እነዚያን አጥሩ ጋ የቆሙትን ልጆች እዩአቸው። አትሸሹ ልጆች፣ ይዩአችሁ። ወንድሜ ባለፈው ሰኞ አምጥቶ እጄ ላይ ጣላቸው። "እስከ አርብ አሳድራቸው፤ አርብ እነግራቸዋለሁ" አለኝ። ሐሙስ ሞተ። የትኛው ልጅ የት እንደሚገባ፣ የትኛው ወደ ቤቱ እንደሚሄድ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነበር። እሱ ደግሞ ይኸው እዚህ ተኝቷል። እንዲህ ዓይነት ሥራ አለ? ሥራ እንዲህ ተጥሎ ይኬዳል?

እንግዶች ስላላችሁ ነገሩን ላስረዳ። ይህ ሰው የቅበላ ኃላፊያችን ነበር። በሌላው ዩኒቨርሲቲ ልጅ ውጤቱን ይዞ ይመጣል፣ ክፍት ቦታ ያለበት ዲፓርትመንት ይገባል፣ አለቀ፣ ደቀቀ። የእኛ ሰውዬ ግን ማንንም ሳያስለካ አይመዘግብም ነበር። "ሰው ጫማ እንኳ እግሩን ሳያስገባ አይገዛም። ትምህርት እንዴት ሳይለካ ይገባል?" ይላል። ልጁ አንድ ሳምንት በየክፍሉ እየዞረ ይቀመጣል። ዛሬ አካውንቲንግ፣ ነገ ነርሲንግ፣ ከነገ ወዲያ ኮምፒውተር። እነዚህን ልጆች "ለኪዎች" እንላቸዋለን። እሱን ደግሞ ተማሪዎች "ጋሽ ልኬት" አሉት። ስሙን ወደደው። እኔን ግን "ጋሽ አይሆንም" ሲሉኝ የወደድኩት ይመስል ሄዶ ለሚስቱ ነገራት።

ታዲያ በምን ይለያቸው ነበር? በፈተና? አይደለም። መምህራኑን ጠይቆ? እሱም አይደለም። በሁለቱ የመማሪያ ሕንፃዎች መሀል ካለችው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጥና፣ ክፍል ሲለቀቅ የልጆቹን እግር ያያል። ማንም ባላዘዛቸው ሰዓት እግራቸው ወዴት ይወስዳቸዋል? ወደ ላብራቶሪው መስኮት? ወደ ቤተ መጻሕፍት? ወደ ካፌው? አርብ ከሰዓት አንድ በአንድ ጠርቶ ይነግራቸዋል። "አንቺ ነርሲንግ ግቢ። አንተ ኮምፒውተር። አንተ ደግሞ፣ የኔ ልጅ፣ ወደ ቤትህ ሂድ። እኛ ዘንድ ላንተ የሚሆን የለም።"

ሲሰሙት ደስ ይላል፣ አይደል? እናንተ አልጋ አትሰጡማ።

ሰኞ ፍራሽ የሚያወጣው ማን ነው? እኔ። አርብ ፍራሹን የሚመልሰው ማን ነው? እኔ። ወደ ቤትህ ሂድ የተባለው ልጅ በሩ ላይ ቁጭ ብሎ ሲያለቅስ አጠገቡ የሚቆመው ማን ነው? እሱማ ተናግሮ ወደ ቢሮው ገባ። እኔ ነኝ የምቆመው። ማባበል ደግሞ አልችልበትም። "አፍንጫህን ጥረግ" ነው የምለው። ሌላ ቃል የለኝም።

አንድ ጊዜ አንድ ኮንትራክተር ልጁን ይዞ መጣ። ደረቱ ሰፊ፣ ድምፁ ከእሱ ቀድሞ ቢሮ የሚገባ ሰው። እኔ የአልጋ ጉዳይ ይዤ እዚያው ቆሜአለሁ።

"ልጄ ሲቪል ምህንድስና ነው የሚገባው" አለ አባትየው።

"ልጅህ አፍ አለው?" አለው የእኛ ሰው።

"ምን ማለት ነው?"

"አይ፣ ያንተን ሰማሁ፤ የሱን ስላልሰማሁ ነው።"

ልጁ ሳምንቱን ለካ። እግሩ ወዴት ሄደ መሰላችሁ? ወደ ተማሪዎች ወጥ ቤት። ክፍል በተለቀቀ ቁጥር ወጥ ቤት ነው። ሽንኩርት ይከትፋል፣ ከወጥ ቤት ኃላፊዋ ጋር ስለ ጨው ይከራከራል። እሷም "ይህን ልጅ አትውሰዱብኝ" አለች። አርብ አባትየው መጣ።

"ልጅህ ምግብ መሥራት ነው የሚፈልገው" አለው ጋሽ ልኬት። "እኛ ዘንድ ይህ ትምህርት የለም። ከድልድዩ ማዶ ያለው ኮሌጅ ያስተምራል፤ ጥሩዎች ናቸው፣ እዚያ ውሰደው።"

"ዕድሜዬን ሙሉ ኮንክሪት ያፈሰስኩት ልጄ ሽንኩርት እንዲከትፍ ነው?"

"ኮንክሪቱን ያፈሰስከው አንተ፤ እሱ ምን አጠፋ?"

ሰውየው ወንበሩን ገፍቶ ወጣ። እኔም ተከትዬ ልወጣ ስል መለስ አልኩ። ምን አልኩት? ሁልጊዜ የምለውን አልኩት። "አንተ ሰው፣ ልኳንዳ ቤት ከፍተህ ደንበኛህን 'ጎረቤት ሂድ፣ የሱ ሥጋ ይሻላል' ትላለህ? በዚህ ዓይነት ዶርሙ ባዶውን ይቀራል፤ እኔና አንተም በር ላይ ተቀምጠን እንተያያለን።" እሱ መነጽሩን እየጠረገ፣ "በር ላይ ካንተ ጋር መቀመጥማ ከባድ ቅጣት ነው" አለኝ።

ቁም ነገር ስታወራው እንዲህ ነበር የሚመልስልህ።

አሁን ደግሞ ስህተቱን ልናገር። እህቴ፣ ይቅርታ አድርጊልኝ፤ ሳልናገር ብቀር ግን የማወራው ስለ ሌላ ሰው ይሆናል።

"ረጅሙ" የምንለው ለኪ ነበር። ቁመቱ ከአልጋው ይተርፋል፤ እግሩ እንዳይንጠለጠል መጨረሻው ላይ ወንበር አስጠግቼለት ነበር። ይህ ልጅ ክፍል በተለቀቀ ቁጥር ከግቢ ይወጣል። ወዴት? አውቶቡስ ፌርማታው ጋ። እዚያ ይቆምና ይመለሳል። በማግስቱም እንዲሁ። ጋሽ ልኬት ከወንበሩ ላይ ሆኖ አየ። አርብ ጠራውና፣ "ልብህ እዚህ የለም፣ የኔ ልጅ። እግርህ አውቶቡሱ ጋ ነው። ሂድ" አለው። ልጁም ሻንጣውን ይዞ ሄደ።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን የግቢያችን ትራንስፎርመር ተቃጠለ። ከመብራት ድርጅት መሐንዲስ ተላከ። ጎንበስ ብሎ በበሩ ገባ። ረጅሙ ነው። ሌላ ቦታ ተምሮ መሐንዲስ ሆኗል። ሥራውን ጨረሰ፣ መብራቱ መጣ፣ እጁን እየታጠበ ሳለ ጋሽ ልኬት ጠየቀው። "ያን ጊዜ ፌርማታው ጋ ምን ትሠራ ነበር?"

"ስልክ ልደውል ነዋ" አለ። "ግቢው ውስጥ ኔትወርክ አልነበረም። ለእናቴ የተማርኩትን በየቀኑ እነግራት ነበር። በጣም ወድጄው ነበር፣ ጋሼ።"

ወንድሜ ያን ቀን ምሳ አልበላም።

እኔ አዘንኩለት? አላዘንኩም። ተናደድኩበት። "መጠየቅ ይከብዳል? 'ወዴት ትሄዳለህ?' ማለት አፍ ያቆስላል?" አልኩት። ከዚያ በኋላ በየምዝገባው "ረጅሙን አትርሳ" እለዋለሁ። እሱም አልረሳም። ከዚያ ወዲህ ወንበሩ ላይ ብቻ መቀመጡን ተወ። እየተነሳ፣ እያነከሰ፣ ከልጆቹ ኋላ ይሄድና "የኔ ልጅ፣ ወዴት ነው?" ይላል። ያንን ያህል ይጠይቅ የነበረው ስለተሳሳተ ነው። እናንተ ደግነት ትሉታላችሁ። እኔ ያየሁት ከስህተት ተምሮ እንደሆነ ነው፤ ለእኔ ይህ ይበልጣል።

ነገር ግን ሌላውን ሁሉ የሚጠይቅ ሰው፣ የራሱን ጤና ጠየቀ? ደረቴን ይወጋኛል ማለት ከጀመረ ቆይቷል። እህቴ፣ "ሐኪም ቤት እንሂድ" አለችው። "ምዝገባው ይለፍ" አላት። የልጁ ሠርግ ቀን ሊቆረጥ ሲል፣ "ምዝገባው ይለፍ።" የቤቱ ጣሪያ ሲያፈስ፣ "ምዝገባው ይለፍ።" እኔ ራሴ ነርሲንግ የሚያስተምሩትን መምህርት ወደ ቢሮው ይዤ ሄድኩ። ደም ግፊቱን ለኩትና ፊታቸው ተለወጠ። "ጋሼ፣ ዛሬ፣ አሁን፣ ይሂዱ" አሉት። ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? "ልጄ፣ ለኪዎቼ ገብተዋል፤ ይህች ሳምንት ትለፍ።"

ለመሆኑ ምዝገባ ያልፋል እንዴ? እኔ እዚህ ግቢ ስኖር ምዝገባ ሲያልፍ አይቼ አላውቅም። የመጀመሪያው መንፈቅ ሲዘጋ የሁለተኛው ይከፈታል፤ ያ ሲያልቅ የክረምቱ ይመጣል። ይህን እሱ ሳያውቅ ቀርቶ ነው? ያውቃል። ካፈርኩ አይመልሰኝ ነው። ድርቅና ነው። ድርቅናን ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ እኔ ስለ ራሴ ሳወራ አትስቁ።

ረቡዕ ዕለት ወንበሩ ላይ አገኘሁት። ፊቱ አመድ መስሏል። "በል ንገረኝ፤ የትኞቹ ናቸው የሚቀሩት? አልጋ ማስተካከል አለብኝ" አልኩት። "አርብ" አለኝ። "ዛሬ ብትነግረኝ ምን ትሆናለህ?" አልኩት። "ሁለት ቀን ይቀራቸዋል። በሁለት ቀን ሰው ይለወጣል" አለ። ተውኩት፤ ሥራ ነበረኝ። እንግዲህ ከእሱ ጋር ያወራሁት የመጨረሻው ነገር ስለ አልጋ ነው። ከእኔም ከእሱም ሌላ አይጠበቅም።

አሁን ወደ ትናንቱ ልምጣ። ትናንት፣ አርብ፣ ምክትል ፕሬዝዳንቱ ጠሩኝ። እዚሁ ስላሉ በሌሉበት አላወራም። ክቡርነትዎ፣ የተሳሳትኩት ካለ ያርሙኝ።

"አባባ፣ ለኪዎቹን በተመለከተ መፍትሔ አግኝተናል" አሉኝ። "አካውንቲንግ ሰፊ ቦታ አለ። ሰኞ ሁሉም እዚያ ይመዝገቡ።"

"ሁሉም?"

"ሁሉም። ሲስተሙ ሰኞ ማታ ይዘጋል። ሌላ አማራጭ የለንም።"

"የማይፈልግስ?"

"የማይፈልግማ ወደ ቤቱ ይሂድ። አባባ፣ ጋሽ ልኬትን እናከብራለን። ግን ይህ አሠራር የእሳቸው ነበር። ከእሳቸው ጋር ማብቃቱ አይቀርም።"

እውነቱን ልናገር። ይህን ከአንድ ዓመት በፊት ብሰማ እጄን አጨበጭብ ነበር። ስንት ዘመን ስጮህ የኖርኩት ለዚህ አይደለም? ፍራሽ ማውጣት ቀረ። በር ላይ የሚያለቅስ ልጅ ቀረ። ሁሉም በአንድ መስመር ይግባ። የፈለግኩት ይህንን ነበር።

ከቢሮው ወጥቼ ወደ ዶርሙ ሄድኩ። ልጆቹ ደረጃው ላይ ተደርድረው ተቀምጠዋል። አንዷ፣ ያቺ ጠቆር ያለ ሹራብ የለበሰችው፣ "ጋሼ፣ ሁላችንም አካውንቲንግ ነው አሉ፤ እውነት ነው?" አለችኝ።

"አንቺ ምን ትፈልጊያለሽ?" አልኳት።

"አላውቅም። ማወቅ ጀምሬ ነበር።"

ይህች ልጅ ምን እንዳደረገችኝ አታውቅም። አፍንጫሽን ጥረጊ እንዳልላት እንኳ አላለቀሰችም።

ክቡር ፕሬዝዳንት፣ አያቀርቅሩ። ይህን ለእርስዎ ነው የምናገረው፤ ቢሮ ድረስ መጥቼ ብናገር ሻይ አዝዘውልኝ ሌላ ቀን ይቀጥሩኝ ነበር። ደንባችን፣ ከሩቅ የመጣ ተማሪ የፕሮክተሩ ፊርማ ከሌለው ምዝገባው አይጸናም ይላል። ደንቡን ያስወጣሁት እኔ ነኝ። ያስወጣሁትም ይህን የተኛውን ሰው ለማሰር ነበር፤ አልጋ ሳይኖረኝ ልጅ እያመጣ ስለሚያስጨንቀኝ። ብዙ ጊዜ አሰርኩበት። ብዙ ተሰዳደብንበት። እንግዲህ ደንብ ደንብ ነው። ሰኞ አልፈርምም። ማክሰኞም አልፈርምም። እነዚህ ልጆች ሐሙስና አርብን በሞቱ ምክንያት አጥተዋል፤ ሁለት ቀን ይጎድላቸዋል። ለክተው እስኪጨርሱ ድረስ አንዳቸውንም ለአካውንቲንግ አልፈርምም። አካውንቲንግ የሚወድ ካለ ለብቻው እፈርምለታለሁ፤ ትምህርቱ ምንም አላደረገኝም።

ሲስተሙ ይዘጋል ይሉኛል። የሚዘጋው ማን ነው? እዚያ ጋ ዣንጥላ ይዞ የቆመው የሬጅስትራሩ ልጅ አይደለም? አንተ ልጅ፣ ዝጋ ያለህ ሰው ክፈት ቢልህ ትከፍተዋለህ አይደል? ይኸው፣ ይከፍታል። እንግዲህ የቀረው ክፈት የሚለው ሰው ነው።

ክቡር ፕሬዝዳንት?

በአዎንታ ራሳቸውን ነቀነቁ። አይታችኋል። እህቴ፣ አይተሻል? እኔም አይቻለሁ። በቀብር ላይ የተነቀነቀ ራስ ሰኞ አይታጠፍም።

ልጆች፣ እናንተ ደግሞ ስሙኝ። ሰኞ ጠዋት ከየክፍሉ ወጥታችሁ ወደ ወደዳችሁት ሂዱ። እኔ ወንበሩ ላይ እሆናለሁ። እሱ አይደለሁም። "የኔ ልጅ" ማለት አልችልበትም። እግር ማንበብም አላውቅም። እኔ የማውቀው መጠየቅ ነው፤ "ወዴት ነው?" ብዬ እጠይቃለሁ። እናንተ እውነቱን ትመልሳላችሁ። ስልክ ልደውል ነው ካላችሁኝም እሰማለሁ። ማክሰኞ ከሰዓት የት መግባት እንደምትፈልጉ እናንተው ትነግሩኛላችሁ። አልገባም የሚል ካለም ይንገረኝ፤ አውቶቡስ ፌርማታው ድረስ ሻንጣውን ተሸክሜ እሸኘዋለሁ። የምሳሳትባችሁም ትኖራላችሁ። እሱም ተሳስቷል። ተመልሳችሁ ንገሩኝ።

አንተ ግን ወንድሜ፣ ምን ልበልህ? ከሰው ሁሉ ያስቸገርከኝ አንተ ነህ። ምሳዬን አብሬህ ካልበላሁ የማይዋጥልኝም አንተ ነበርክ። በዕድሜህ አንድ ቀን እንኳ "ልክ ነህ" ብለኸኝ አታውቅም፤ እኔም ላንተ ብዬህ አላውቅም። ዛሬም በሙሉ አልልህም። አንድ ሳምንት አይበቃም ነበር። በሁለት ቀን ሰው ይለወጣል ያልከው አንተ ነህ፤ ታዲያ ለምን ሳምንት ብቻ ሰጠሃቸው? ከሚመጣው ምዝገባ ጀምሮ ለኪዎች ሁለት ሳምንት ያድራሉ። ፍራሹን እኔ አወጣለሁ። ለአስተዳደሩ ገና አልተናገርኩም፤ አሁን ሰምተዋል።

ሚስትህን እንጠይቃለን። ጣሪያውን ከእነዚህ ጎረምሶች ጋር ሆነን እንጠግናለን። የልጅህ የሠርግ ቀን እንዲቆረጥ ራሴ ሄጄ እነግራለሁ፤ ከእንግዲህ በማንም ምዝገባ አይገፋም።

በል፣ አፈሩ አይክበድህ። እዚህ ብዙ መቆም አልችልም፤ ጉልበቴ ደክሟል፣ ልጆቹም ምሳ አልበሉም። ደህና ሁን፣ አንተ ችኮ ሰው። ደህና ሁን።